ያለ ክብደቱ የተዋስነው ቃል፦ የእንግሊዝኛው «ፋክ» አመጣጥና ትርጉሞች

አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲ ሲሄድ ስልኩ ከእጁ የወደቀበት የ14 ዓመት ያህል ልጅ «ፋክ!» ሲል አጠገቡ የተቀመጡት እናት ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ያው ልጅ በዚያች ቅጽበት የቃሉን የአማርኛ አቻ አውጥቶ ቢናገር ኖሮ ረዳቱ «ነውር ነው!» ብሎ ይቆጣው፣ እናትየዋም «አሳዳጊ የበደለው» ብለው ያዝኑበት ነበር። ይህን መሰል ነገር በትምህርት ቤት ደጃፍ፣ በካፌ፣ በቲክቶክ የቀጥታ ሥርጭት ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም የሚያሳስበኝ የልጁ ብልግና ሳይሆን ቃሉ ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ነው። ድምፁን ተቀብለናል፣ አጠቃቀሙንም ከፊልምና ከሙዚቃ ቀድተናል፤ በባለቤቶቹ ዘንድ ያለውን ክብደት ግን አብረን አልተረከብንም። ቃሉ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ለብዙ መቶ ዓመታት ሲደበቅ፣ ከመዝገበ ቃላት ሲወጣና ሲገባ፣ በፍርድ ቤት ሲያከራክር የኖረ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ቃሉን ሳልሸፋፍን እጽፈዋለሁ፤ ስለ አንድ ቃል እያስረዱ ቃሉን ራሱን መሰወር አንባቢን አይጠቅምምና። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛዎች በብዛት የሚዘዋወረውን ተረት ማንሳት ግድ ይላል። ተረቱ እንደሚለው፣ በጥንቷ እንግሊዝ ወረርሽኝ ሕዝቡን ስለጨረሰው ንጉሡ ልጅ ለመውለድ ለሚሹ ሰዎች ፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ በየቤቱ ደጃፍ ላይ የሚሰቀለው «በንጉሡ ፈቃድ የሚፈጸም ዝሙት» የሚል ማስታወቂያ የመጀመሪያ ፊደላቱ ሲገጣጠሙ ይህን ቃል ወለዱ። ሌላው ዓይነቱ ደግሞ ቃሉን ሕገ ወጥ የሥጋ ግንኙነትን ከሚመለከት የክስ አርእስት ያመጣዋል። ሁለቱም ሐሰት ናቸው። የቃላትን የመጀመሪያ ፊደላት አገጣጥሞ አዲስ ቃል መሥራት በእንግሊዝኛ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይም በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን ነው፤ «ራዳር» የሚለው ቃል የተሠራው እንዲህ ነው። እኛም ዘንድ «ኢሠፓ» እና «ኢሕአዴግ» ዓይነት ስሞች የዚሁ የቅርብ ዘመን ልማድ ፍሬ ናቸው። በመካከለኛው ዘመን የነበረ ገበሬ ግን ማስታወቂያ አንብቦ ፊደላቱን እየለቀመ ቃል አይሠራም ነበር፤ ቀድሞ ነገር ማንበብ የሚችለው ጥቂቱ ነው። እንዲህ ያለው ተረት የሚወደደው ቃሉን የመጥራት ፈቃድ ስለሚሰጥ ይመስለኛል፤ ሰው «ታሪክ ልንገርህ» ብሎ ሲጀምር ነውሩ ይቀልለታል።

እውነተኛው መነሻ ከጀርመናዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ ውስጥ ይገኛል። በደች «ፎከን» የሚል ግሥ አለ፤ ዛሬ ከብት ማራባት ማለት ነው። በኖርዌይና በስዊድን የገጠር ዘዬዎች «ፉካ» እና «ፎካ» የሚሉ ግሦች ሲኖሩ መምታትን፣ መግፋትን፣ ሩካቤንም ያመለክታሉ። የቃላት አመጣጥ ተመራማሪዎች አብዝተው የሚስማሙበት እንግሊዝኛው ቃል የእነዚህ ዘመድ መሆኑን ነው። ከዚህ የምንረዳው ቃሉ ሲነሣ ስድብ እንዳልነበረ ነው፤ የመግፋትንና የመምታትን እንቅስቃሴ የሚገልጽ ተራ ግሥ ነበር። ብልግናው የኋላ ታሪክ ነው።

ቃሉ በጽሑፍ የሚገኝበት ሁኔታ ራሱ ብዙ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የኪል ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተመራማሪ ፖል ቡዝ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኘውን የቼስተርን የ1310 የፍርድ ቤት መዝገብ ሲመረምሩ «ሮጀር ፋክባይዘኔቭል» የተባለ ተከሳሽ አገኙ። የሰውየው ቅጽል ስም «በእምብርት በኩል» የሚል ሐረግ ያለበት ሲሆን፣ በግብረ ሥጋ ረገድ መላው የጠፋበት ወይም ሞኝ ሰው መሆኑን ለማላገጥ የወጣለት ይመስላል። ፍርድ ቤቱ በተከታታይ ቀጠሮዎች ሲጠራው ስሙ እንዲሁ እንዳለ ተመዝግቧል፤ ጸሐፊው አላፈረም፣ ፊደል አልቆረጠም። በ1373 በተጻፈ የብሪስቶል ከተማ ሰነድ ውስጥም ይኸው ድምፅ በአንድ የዛፍ ደን ስም ላይ ይገኛል። ሰውና ቦታ የሚጠራበት ቃል ደግሞ ገና ሙሉ በሙሉ ነውር ሆኗል ማለት ያስቸግራል።

ወደ 1475 ገደማ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ላቲንና እንግሊዝኛ እየተቀላቀሉ የተጻፉበት አንድ ግጥም በኬምብሪጅ ከተማ የነበሩ የቀርሜሎስ መነኮሳትን ይወቅሳል፤ መነኮሳቱ መንግሥተ ሰማያት እንደማይገቡ ከተናገረ በኋላ ምክንያቱን ሲጽፍ ግን ድንገት ትርጉም የማይሰጡ የፊደላት ድርድር ያስቀምጣል። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በፊደል ገበታው ላይ በሚከተለው ፊደል ተተክቷል። አንባቢው እያንዳንዱን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲመልስ መነኮሳቱ ከአጎራባቿ ከኢሊ ከተማ ሚስቶች ጋር የሚያደርጉትን የሚናገረው ቃል ይወጣል፤ ያውም የላቲን ግሥ ቅጥያ ተደርጎለት። ቃሉን የሚያውቅ፣ ግን በግልጽ ለማስፈር የተሳቀቀ ጸሐፊ ነው ይህን ያደረገው። ክብደቱ እየመጣ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው የ1528 ማስታወሻ ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስገርመኛል። አንድ ስሙ ያልታወቀ መነኩሴ የሮማዊውን የሲሴሮን «ስለ ግዴታዎች» የተባለ የሥነ ምግባር ድርሳን ሲያነብ በአበምኔቱ ተቆጥቶ በኅዳጉ ላይ «ኦ ዲ ፋኪን አቦት» ብሎ ጻፈ። «አቦት» አበምኔቱ ናቸው። «ዲ» የምትለዋ ነጠላ ፊደል «ዳምድ»፣ ማለትም «የተኮነነ» የሚለው ቃል ምህጻር ናት ተብላ በብዙዎች ትተረጎማለች። ትርጓሜው ትክክል ከሆነ መነኩሴው የሸፈነው ዛሬ ልጆች በቀላሉ የሚሉትን «ዳም» ሲሆን፣ «ፋኪን» የሚለውን ግን ሳይሰቀቅ በሙሉ ጽፎታል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሰውን ወደ ሲኦል መኮነን የእግዚአብሔርን ሥልጣን መንካት ነበር፤ የሥጋ ነገር ከዚያ ጋር ሲወዳደር ቀላል ነው።

ይህ የአንድ መነኩሴ አመል አልነበረም። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አስደንጋጩ ንግግር በእግዚአብሔር ስም፣ በክርስቶስ ቁስልና ደም መማል ነበር፤ በ1606 የወጣ ሕግ በመድረክ ላይ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ የጠራ ተዋናይ 10 ፓውንድ እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር፤ ለዘመኑ ከባድ ገንዘብ ነው። ስለ ብልት የሚናገር ቃል ግን በዚያ ሕግ አልተነሣም። ሰው የሚደነግጠው የሚፈራው ነገር ሲነካበት ነውና፣ የሃይማኖት ፍርሃት እየላላ፣ የግል መኝታ ቤትና የጨዋነት ሥርዓት እየጠነከረ በሄደ ቁጥር የቃላቱም ክብደት ከሰማይ ወደ ሥጋ ወረደ። ዛሬ ደግሞ በአሜሪካና በብሪታንያ ከሁሉ የሚከብዱት ስለ ዘር፣ ስለ ቆዳ ቀለምና ስለ አካል ጉዳት የሚሰነዘሩ ስድቦች እየሆኑ ነው። «ማርያምን!» ብሎ መማል የዕለት ተዕለት ንግግር በሆነበት አገራችን በአንጻሩ ሰውን በእናቱ፣ በዘሩ ወይም በደዌ መስደብ ደም ያፋስሳል። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ የሚጠብቀው አጥር ስድቡን ይነግረናል።

እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቃሉ በስኮትላንድ ባለቅኔዎች ዘንድ በግልጽ ይጻፍ ነበር፤ ሰር ዴቪድ ሊንዚ ጳጳሳቱን ሳያገቡ እንዳሻቸው ያመነዝራሉ ብሎ ሲወቅስ የተጠቀመው ይህንኑ ግሥ ነው። ጆን ፍሎሪዮም በ1598 ባሳተመው የጣልያንኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለአንድ የጣልያንኛ ግሥ ፍቺ ሲሰጥ ከሌሎች አቻ ቃላት መካከል አስገብቶታል። ከዚያ በኋላ ግን መጋረጃው ይወርዳል።

የመዝገበ ቃላቱ ታሪክ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ አይደለም። በ1721 መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው ናታን ቤይሊ ቃሉን አስገባ፣ ፍቺውን ግን በእንግሊዝኛ አልጻፈም፤ በላቲን ነው የጻፈው። የተማረው ያነብበዋል፣ ያልተማረው ያልፈዋል። እኛም ይህን በግእዝ እናደርገዋለን። የአማርኛው ግሥ በጋዜጣ አይወጣም፤ «ሩካቤ»፣ «ተራክቦ»፣ «ግብረ ሥጋ» ስንል ግን ቄሱም ሐኪሙም ዳኛውም ያለ እፍረት ይናገራሉ። መጽሐፍ ቅዱሱም «አዳም ሚስቱን ሔዋንን አወቀ» ይላል። ድርጊቱ አንድ ነው፤ ቃሉ የመጣበት ቋንቋ ግን ማዕረግ ይሰጠዋል። ለእንግሊዞች ላቲን፣ ለእኛ ግእዝ የነውር መሸፈኛ ልብስ ሆነው አገልግለዋል፤ የቃል ብልግና በትርጉሙ ውስጥ አይደለም የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ትርጉሙ ውስጥ ቢሆን ኖሮ «ሩካቤ» የሚለውም ባሳፈረን ነበር።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባወጣው ዝነኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን ተወው። ጆን አሽ በ1775 አስገባው፤ ከ1795 በኋላ ግን ለ170 ዓመታት ያህል በሰፊው በሚታወቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ አልታየም። ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛን ቃል ሁሉ እመዘግባለሁ ብሎ ሲነሣ እንኳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህን ቃል ዘለለው። በብሪታንያ በ1857 የወጣው የጸያፍ ኅትመቶች ሕግ፣ በአሜሪካ ደግሞ በ1873 በፖስታ ቤት በኩል «ጸያፍ» ጽሑፍ መላክን የከለከለው የኮምስቶክ ሕግ አሳታሚዎችን ያስፈራሩ ነበርና። በሩ የተከፈተው ይህ ቃል የሚገኝበትን የእንግሊዛዊውን ደራሲ የዲ. ኤች. ሎረንስን ልቦለድ ሳይቆርጥ ያሳተመው ፔንግዊን በ1960 ለንደን ላይ ተከስሶ ነጻ ከወጣ በኋላ ነው። ያው አሳታሚ በ1965 መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ቃሉን አስገባ፤ አሜሪካን ሄሪቴጅ በ1969፣ ኦክስፎርድ ደግሞ በ1972 ባወጣው ተጨማሪ ቅጽ ተከተሉ። ሕዝብ በየቀኑ የሚናገረው ቃል መዝገብ ውስጥ ለመግባት ይህን ያህል ጊዜ ፈጀበት።

ዛሬ ቃሉ ስንት ትርጉም አለው ብሎ መቁጠር አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው አጠቃቀሙ ስለ ግብረ ሥጋ አያወራም። ስሜትን ብቻ የሚሸከም ሆኗል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው ይህ ግልጽ ይሆናል። ስልክ ሲወድቅ ብቻውን የሚባለው «ፋክ!» ከእኛ «ኤጭ!» ወይም «ወይኔ!» ጋር ይቀራረባል። «ዋት ዘ ፋክ» በአብዛኛው «ምን ጉድ ነው!» ነው። «ፋክ ኦፍ» «ጥፋ ከፊቴ»፣ «ፋክ ዩ» «ገደል ግባ» ወይም «አፈር ብላ»፣ ነገሩ «ፋክድ አፕ» ነው ሲባል «ቅጡ ጠፍቷል»፣ «አይ ዶንት ጊቭ ኤ ፋክ» ደግሞ «ደንታዬም አይደል» ይሆናል። «ኢት ኢዝ ፋኪን ኮልድ» የሚለውን «ብርዱ አይጣል ነው» ብዬ ብተረጉመው የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም፤ ከብርዱ ጋር ምንም ዓይነት የሥጋ ነገር የለምና። ፊልም የሚተረጉሙ ወጣቶች አንዳንዴ ቃሉን በየቦታው በአንድ የአማርኛ ጸያፍ ቃል ሲተኩት ስሰማ የማዝነው ለዚህ ነው። እንግሊዛዊው ገጸ ባሕርይ በብርዱ ሲማረር የአማርኛው ሰው ብልግና ሲናገር ይገኛል፤ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ቃሉ ከሰዋስው አንጻርም የተለየ ጠባይ አለው። ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግሥ ይሆናል፤ ከዚያም አልፎ በሌላ ቃል ሆድ ውስጥ ይገባል። «ፋንታስቲክ» የሚለው ቃል ተከፍሎ «ፋን-ፋኪን-ታስቲክ» ይባላል። የሥነ ልሳን ሊቁ ጆን ማካርቲ በ1982 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ይህ እንደ ተገኘ የሚደረግ አይደለም፤ የሚገባው ነገር ቦታውን የሚያገኘው በቃሉ ውስጥ ጠበቅ ብሎ ከሚነበበው ክፍል ፊት ነው። ማንም እንግሊዛዊ «ፋንታስ-ፋኪን-ቲክ» አይልም፤ ትምህርት ቤትም ይህን ሕግ አላስተማረውም። «ሰበረ» ብለን «ሰባበረ»፣ «ቆረጠ» ብለን «ቆራረጠ» የምንል እኛ በቃል ሆድ ውስጥ ክፍለ ቃል ማስገባት አይደንቀንም። እንግሊዝኛ ግን ይህን ዓይነት አሠራር ከስድብ ውጪ ከሞላ ጎደል አያውቀውም፤ ለቋንቋ ተመራማሪዎች የማይገኝ ዕቃ የሆነውም ስለዚህ ነው።

አማርኛ ደግሞ የራሱ የሆነ ጥበብ አለው። «እናትህን!» የሚለውን ስድብ እናስብ። ተሳቢው አለ፤ ግሡ ግን የለም። ተናጋሪው አፉን ይዘጋል፣ ሰሚው ግን ይሞላዋል፤ ጠቡም በዚያችው ባልተነገረች ግሥ ይነሣል። የእንግሊዝ አሳታሚዎች የመጀመሪያውን ፊደል ጽፈው በሰረዝ ያልፉት የነበረውን እኛ በንግግር ውስጥ አደረግነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ የቃል ክብደት ምን እንደሆነ አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ያልተነገረ ቃል እንኳ እንደሚያቆስል እናውቃለን። ያላወቅነው የሌላውን ነው።

ይህ ለምን ሆነ ለሚለው ጥያቄ ሳይንሱ መልስ አለው። ካትሪን ሃሪስና ባልደረቦቻቸው በ2003 ባሳተሙት ጥናት ቱርክኛን ከእናታቸው፣ እንግሊዝኛን ካደጉ በኋላ የተማሩ ሰዎች ቃላትን ሲሰሙ በቆዳቸው ላይ የሚታየውን የኤሌክትሪክ ለውጥ ለኩ፤ ሰው ሲደነግጥ በማይታይ ላብ ምክንያት ቆዳው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዐቅሙ ይጨምራልና። ነውር ቃላት በእናት ቋንቋ ሲሰሙ የሰውነት ምላሹ ከፍ አለ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ግን ሕፃናት በሚገሠጹባቸው ቃላት ላይ ነበር፤ በእኛ «ነውር!»፣ «አታፍርም?» ማለት ነው። ተግሣጹ በልጅነት ሰውነት ላይ ተጽፏል፤ በኋላ የተማርነው ቋንቋ ያንን ጽሑፍ አያገኘውም። ዣን ማርክ ደዋል ከ1,000 በላይ ብዙ ቋንቋ ተናጋሪዎችን ጠይቀው በ2004 ያወጡት ሥራም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ስድብ ከሁሉ የሚከብደው በመጀመሪያው ቋንቋ ነው፣ በኋላ የተማሩት ቋንቋም ክብደት የሚያገኘው ከባለቤቶቹ ጋር ሲኖሩበት፣ ሲጣሉበትና ሲታረቁበት እንጂ በክፍል ውስጥ ሲማሩት አይደለም። የታክሲው ልጅ «ፋክ» ብሎ ተቆጥቶት የሚያውቅ ሰው የለም፤ እናቱ በዚህ ቃል ምክንያት ፊቷን አላጠቆረችበትም። በሰውነቱ ላይ ምንም አልተጻፈም።

ስለ ሰውነት ከተነሣ በኪል ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ስቲቨንስ የመሩትን የ2009 ጥናት አለማንሳት አይቻልም። ተሳታፊዎች እጃቸውን በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረው እንዲታገሡ ሲጠየቁ፣ የስድብ ቃል እየደጋገሙ የቆዩት ተራ ቃል ከደጋገሙት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ቻሉ፤ የልብ ምታቸውም ጨመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተደረገው ተከታይ ጥናት ደግሞ በየቀኑ አብዝተው የሚሳደቡ ሰዎች ከዚህ ጥቅም ያነሰ እንደሚያገኙ አሳየ። ቃሉ ሕመም የሚያስታግሠው ነውርነቱ ሲጠበቅ ነው ማለት ነው፤ በየዐረፍተ ነገሩ ከገባ ያልቅበታል።

በአሜሪካ ሕግ ውስጥ የቃሉ ጉዞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ1968 በቬትናም ጦርነት ዘመን አንድ ወጣት የግዳጅ ውትድርናን በዚህ ቃል የሚያወግዝ ጽሑፍ ያለበት ጃኬት ለብሶ ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ገባ፤ 30 ቀን እስር ተፈረደበት። «ኮኸን እና ካሊፎርኒያ» በመባል የሚታወቀውን ይግባኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 በ5 ለ4 ድምፅ ለወጣቱ ፈረደ፤ ዳኛ ጆን ሃርላን «የአንዱ ብልግና ለሌላው ግጥም ነው» የሚል ሐሳብ ጻፉ። ነጻነቱ ግን በየቦታው እኩል አይደለም። በ1973 ከሰዓት በኋላ አንድ የኒው ዮርክ ሬዲዮ የኮሜዲያኑን የጆርጅ ካርሊንን ስለ ነውር ቃላት የሚያወራ ሥራ ሲያሰማ ከልጁ ጋር መኪና ውስጥ የነበረ አባት ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ተቆጣጣሪው ለፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን አቤቱታ አቀረበ፤ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 እንደገና በ5 ለ4፣ ሕፃናት በሚያዳምጡበት ሰዓት ሬዲዮና ቴሌቪዥንን መቆጣጠር ይቻላል አለ።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ ግን ድምፃዊው ቦኖ በ2003 ሽልማት ሲቀበል በቀጥታ ሥርጭት ደስታውን በዚህ ቃል ሲገልጽ የተነሣው ክርክር ነው። የፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽኑ ክፍል በመጀመሪያ ቃሉ ለማጋነን የገባ ቅጽል እንጂ ስለ ግብረ ሥጋ የሚናገር አይደለም ብሎ አለፈው። በ2004 ዋናው ኮሚሽን ይህን ሽሮ፣ ቃሉ በየትኛውም አገባቡ የሥጋ ትርጉሙን ይዞ ይሄዳል አለ። እኔ እንደማየው የመጀመሪያው ውሳኔ ስለ ሰዋስው፣ ሁለተኛው ስለ ክብደት ትክክል ተናግረዋል፤ ቃሉ ትርጉሙን ትቶ ክብደቱን ይዞ የሚጓዝ መሆኑ ሁለቱንም አሳሳተ።

ይህ ሁሉ ዛሬ የሚነካን በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ኢንተርኔቱ ነው። ዩቲዩብ በ2022 መጨረሻ በቪዲዮ መክፈቻ ሰከንዶች ላይ ጸያፍ ቃል ያለባቸውን ሥራዎች የማስታወቂያ ገቢ የሚገድብ ደንብ አወጣ፤ በ2023 መጋቢት ላይ አላላው። በአሜሪካ የፊልም ደረጃ አሰጣጥም ቃሉ እንደ ስድብ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተነገረ ፊልሙ በተለምዶ ለታዳጊዎች ከሚፈቀደው መደብ ይወጣል። በብሪታንያ ቴሌቪዥን ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አይፈቀድም፤ ተቆጣጣሪው ኦፍኮምም ከከባዶቹ ሁሉ ከፍተኛ በሆነው መደብ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በአማርኛ ቪዲዮው መሐል ቃሉን እንደ ቅመም የሚነሰንስ ወጣት ባለሙያ በእነዚህ መመዘኛዎች የሚዳኝ መሆኑን የሚነግረው ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው መንገድ ስደት ነው፤ እዚህ ላይ ስሕተቱ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። ደዋል በ2016 ባወጡት ሌላ ጥናት እንግሊዝኛን በኋላ የተማሩ ሰዎች አብዛኞቹን ነውር ቃላት ከባለቤቶቹ ይልቅ የከፉ አድርገው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። ቃሉን «ክፉ ነው» ተብሎ የተማረ ስደተኛ ሁለት የሥራ ባልደረቦች በቃሉ ሲቀላለዱ ሲሰማ የተጣሉ ይመስለዋል። ቃሉን ከሙዚቃ የለቀመ ወንድሙ ደግሞ ለአለቃው በተናገረበት ማግስት ለምን እንደ ተጠራ አይገባውም። አንዱ በዐይነ ልቡናው ያውቀዋል፣ ሌላው በአፉ ያውቀዋል፤ ለማን፣ መቼ፣ በምን ድምፅ እንደሚባል ግን ሁለቱም ገና አልኖሩበትም።

አሜሪካ ተወልዶ ያደገው ልጅ ጋ ሲደርስ ደግሞ ሚዛኑ ይገለበጣል። ቨርጂኒያ ያደገ የዘመድ ልጅ አያቱ ፊት እያሳቀ ያን ግሥ የሌለውን የአማርኛ ስድብ ሲናገር ሰምቻለሁ። ከታላላቆቹ ጠብ የለቀመው ነው፤ ለእርሱ ጣፋጭ ድምፅ ብቻ ነበር። በእንግሊዝኛ «ፋክ» ማለት ግን አንድም ቀን በቤት ውስጥ ደፍሮ አያውቅም፤ ፊቱ ይቀላል። አያቱ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ልጁም ምን እንዳጠፋ ሊገባው ስላልቻለ በእንግሊዝኛ እናቱን ጠየቀ፤ እናቱም ልትነግረው ሞከረች፣ ያን ክብደት የሚሸከም እንግሊዝኛ ግን አላገኘችም።